ድዳዋ ቁልፍ

መጋረጃ ሰፊዋ ዳቦ ገዝታ ስትመለስ እናቷን የሙዚቃ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። መጀመሪያ አልገባትም። ኪቦርዱ ሁልጊዜ ከሚቀመጥበት፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ የለም፤ ጠረጴዛው ላይ የቀረው አቧራ ያልነካው ረዘም ያለ ቦታ ብቻ ነው። እናቷ ደግሞ ሶፋው ላይ ከወትሮዋ በአንድ መዳፍ ያህል ከፍ ብላለች። ከሥሯ ግራጫው ብርድ ልብስ አለ፤ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ጥቁር ገመድ እንደ አይጥ ጭራ ወጥቶ ወለሉ ድረስ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ዳቦውን እንደያዘች ገመዱን አየች፣ ከዚያ እናቷን አየች።

“እማዬ፣ ምን ላይ ነው የተቀመጥሽው?”

“ሶፋ ላይ ነዋ።”

“ሶፋው ገመድ አለው?”

እናቷ ገመዱን በእግሯ ሳብ አድርጋ ቀሚሷ ሥር ከተተችው። ሻይ ከተቀዳና ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ነው ነገሩ ጥቂት በጥቂት የወጣው። ወንድምሽ ገና ሳይነጋ ደውሎ ነበር አለች። ኪቦርዱን እስኪመጣ ድረስ ሰው እንዳያየው ብሏል። በምሳ ሰዓት መጥቶ ይወስደውና ያቺን የማትሰማዋን ቁልፍ ያሠራልሻል፤ ደስ አይልሽም ወይ? ያቺ ቁልፍ ኪቦርዱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ድምፅ አልነበራትም። ወንድሟ አሮጌውን ከአንድ የሆቴል ሙዚቀኛ ገዝቶ ሲያመጣው ሁለት ወር እንኳ ሳይታገሰው “ድዳ” ብሎ ተወው። ከዚያ ወዲህ የሚነካው እሷ ብቻ ናት። ይኼን ሁሉ ዓመት ያላሠራውን ሰው ዛሬ ምን አስቸኮለው? ምን እንዳስቸኮለው ታውቃለች። እናቷም ታውቃለች። ሁለቱም ሻያቸውን ጠጡ።

ወንድሟን ሕዝቡ ሁሉ “ለስላሳው” ይለዋል፤ ድምፁ ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ስለሆነ ነው። ዘንድሮ ያወጣው ዘፈን ያልገባበት ቤት የለም። ታዲያ ከእሱ በፊት “ሻካራው” የሚባለው ዘፋኝ ያወጣው ሌላ ዘፈን ነበር፤ ሻካራው እንደስሙ ነው፣ ሲዘፍን ጠጠር የሚያኝክ ይመስላል። ሁለቱ ዘፈኖች በግጥም አይገናኙም፤ አንዱ ስለ ፍቅር ሌላው ስለ መንገድ ነው። ዜማቸውም አንድ አይደለም። ግን ሁለቱም ከፍ እያሉ ሄደው ሄደው፣ ጆሮ አሁን ትመጣለች ብሎ የሚጠብቃትን አንዲት ድምፅ ይዘሏታል። ጭቃ ዘሎ እንደተሻገረና ዞር ብሎ እንዳየ ሰው ወዲያ ማዶ ያርፉና፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይመለሳሉ። በአንድ በኩል የሚያነክሱ ሁለት እህትማማቾች በሏቸው። ሕዝቡ “ዝላዩ” ይለዋል፤ በሠርግም በልደትም እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይላል። ሻካራው ዝላዬን ሰረቀኝ ብሎ ለሙዚቀኞች ማህበር አቤት አለ። ጉዳዩ የሚታየው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው።

“ይኸውልሽ የኔ ልጅ፣” አለች እናቷ በመጨረሻ፣ “አንድ ቀን ነው። ዛሬ ብቻ ይለፍ።”

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ በእጅጌዋ ጠረገችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሚኒባሱ ውስጥ ሬዲዮኑ ሁለቱን ዘፈኖች እያከታተለ ይለቃቸዋል። ባለፉት ሳምንታት ሌላ ዘፈን የተረሳ ይመስል ነበር። ረዳቱ፣ ጸጉሩን ሽበት የጀመረው ወፈር ያለ ሰው፣ ሒሳብ እየተቀበለ ድምፅ ያሰጣል፤ ለለስላሳው የሚሰጥ፣ ለሻካራው የሚሰጥ። ከፊት የተቀመጠው ከረባት ያሰረ ሰው ሁለቱም ከውጭ አገር ነው የሰረቁት፣ የኛ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ከየት ያመጣል አለ። አጠገቧ ያለችው ሴት ደግሞ ለስላሳው ያን ዝላይ ያገኘው እጮኛው ጥላው የሄደች ቀን ነው፣ ራሱ ሲያወራ ሰምቻለሁ፣ ምስኪን ብላ ከንፈሯን መጠጠች። መጋረጃ ሰፊዋ ወንድሟ እጮኛ እንደነበረው ሰምታ አታውቅም። ለእሱ የሰጠችውን ያን ዜማ ራሷ ያገኘችው አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ልብስ አጥባ እጇ እንደረጠበ ነው። ጣቷ ወደ ድዳዋ ቁልፍ ሲሄድ እንደልማዱ አልፏት ሄደ፤ ሌላ ታሪክ የለውም። ረዳቱ ዘንድ ሲደርስ እጁን ዘርግቶ፣ “አንቺስ እህቴ፣ ለማን ትሰጫለሽ?” አላት።

“ለማንም አልሰጥም።”

“ያለ ድምፅ መጓዝ ክልክል ነው” ብሎ ሳቀ፤ መልሷን ሰጥቷት አለፈ።

የመጋረጃው ሱቅ ጠባብና ረዥም ነው። በግራና በቀኝ የጨርቅ ጥቅሎች እስከ ጣሪያ ቆመዋል፤ ከጥግ የስፌት ማሽኑና የእሷ ወንበር አለ። ዛሬ በእጇ የያዘችው ትልልቅ ቅጠል ያለበት ከባድ ጨርቅ ነው። ሁለቱ ገጾች ሲገናኙ ቅጠሉ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ እንዳይቀር፣ ስፌቱ ላይ አንድ ቅጠል ሆኖ እንዲገጥም፣ መርፌውን ከማውረዷ በፊት ደጋግማ ታስተካክላለች። እኩለ ቀን ሳይደርስ አንድ ኮፍያ ያደረገ፣ ሱቅ ውስጥ ገብቶም ጥቁር መነጽሩን ያላወለቀ ሰው መጣ። መጋረጃ ፈልጌ ነበር አለ። ባለሱቋ ለስንት መስኮት ብትለው ለአንድ፣ ቁመቱስ ብትለው እንደማንኛውም መስኮት አላት። የሜትሩን ዋጋ ነገረችው፤ ጨምራ ነው የነገረችው፣ ሰው ሲከራከር የምትቀንሰውን አስባ። ሰውዬው እሺ አለ። ያን ጊዜ ባለሱቋ ይኼ ሰው ጨርቅ ሊገዛ እንዳልመጣ ገባትና ስልክ የምታወራ መስላ ወደ በሩ ወጣች።

ሻካራው መነጽሩን አወለቀና ጥቅሎቹ መካከል ጎንበስ አለ። ድሮ ከወንድሟ ጋር በአንድ ባንድ ሲሠሩ ቤታቸው ነበር የሚለማመዱት፤ ያ ሶፋ የእሱም ሶፋ ነበር። አንድ ቀን ወንድሟ በሌለበት መጥቶ፣ አዲስ ነገር ካላወጣሁ ያበቃልኛል ብሎ ሲለምናት አንድ ዜማ ሰጠችው። አጠገቧ ተቀምጦ ልክ እስኪይዘው ድረስ እየደጋገመች ነው ያስተማረችው። አሁን የመጣው ምስክር ፍለጋ ነው።

“ማህበሩ ዘንድ መጥተሽ ዜማውን ለኔ ቀድመሽ እንደሰጠሽኝ ብትነግሪያቸው ነገሩ ያልቃል፣” አላት።

“የሰጠሁህ እኔ መሆኔን ታምናለህ ማለት ነው?”

“ይሄማ ምን ጥያቄ አለው፣ እህቴ። እኔና አንቺ እናውቀዋለን።”

“ዘፈኑ ላይ የተጻፈው የማን ስም ነው?”

ሻካራው ኮፍያውን ከግንባሩ ገፋ አደረገ። “ስምማ... ያኔ ቸኩለን ነበር።”

ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰጠሁት የምትይውን ነገር እንኳ ባታነሺው ይሻላል አላት። እኛ ቤት ሲያንጎራጉረው ሰማሁ፣ ወንድሜ በግድግዳ ተሰምቶት ወሰደው ብትይ ይበቃል። ድካምሽን አልረሳም፣ አስብልሻለሁ አለ። መጋረጃ ሰፊዋ ቅጠሉን ከቅጠሉ አገጣጥማ መርፌውን አወረደችና ማሽኑን ረገጠች። ማሽኑ ሲጮህ የሰውዬው አፍ መንቀሳቀሱን ቀጠለ፤ የሚለው ግን አልተሰማም። ጨርሳ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ቀና አለች።

“መስኮትህን ለክተህ ና፣” አለችው። “ያልተለካ ጨርቅ አልቆርጥም።”

ባለሱቋ ተመልሳ ስትገባ ሰውዬው የለም። የጨርቅ ገበያ እንዲህ ከሆነ ሱቁን መዝጋት ነው አለች። ልጅቷ ግን ዛሬ ከምሳ በኋላ እንደማትመለስ ነገረቻት፣ ለምን እንደሆነም ደበቅ ሳታደርግ ነገረቻት። ባለሱቋ ትንሽ አፍጥጣ አየቻትና፣ ያ የኔ ልጅ ሌሊትና ቀን እየከፈተ የሚያደነቁረኝ ዘፈን ያንቺ ነው? አለች። ከዚያ ጥሩውን መቀስ ከእጇ ተቀብላ፣ ጉድ ነው፣ ሂጂ እንጂ ታዲያ፣ ምን ትጠብቂያለሽ አለቻት።

ቤት ስትደርስ የወንድሟ መኪና የኋላ ክዳኑ ተከፍቶ በር ላይ ቆሟል። ለስላሳው ሽቶው ቀድሞት ክፍሉን ሞልቶታል፤ ለስብሰባው የለበሰው ሙሉ ልብስ እጅጌው ላይ ገና የሱቁ መታሸጊያ ክር አለ። እናታቸው ጠዋት ከተወቻት ቦታ ንቅንቅ አላለችም። ወንድሟ ሳማትና እታለም አላት፤ ሲፈልጋት ነው እታለም የሚላት። ጠጋኙን ራሴ አነጋግሬዋለሁ፣ ዛሬውኑ ይሠራልሻል፣ ካልሆነም ቁልፉ ሁሉ የሚሰማ አዲስ እገዛልሻለሁ፣ ያውም ትልቁን አለ። እሷ አሮጌው ይበቃኛል አለችው። ያን ጊዜ ፈገግታው ጠፋ። ስብሰባው ላይ ስለዚህ ኪቦርድ አንድ ሰው ትንፍሽ ቢል ምን እንደሚመጣ ዘረዘረላት፤ ኮንሰርቱ ይሰረዛል፣ የሚያስተዋውቀው ሳሙና ውሉን ያቋርጣል፣ የጋዜጠኛ መጫወቻ እንሆናለን። ድምፁ ሲቆጣም ለስላሳ ነው፤ ለማያውቀው የሚያባብል ይመስላል።

“አንቺ ስምሽ ቢወጣ ምን ይጠቅምሻል፣ እታለም? ማን ያውቅሻል? ይሄን ቤት የያዘው ዘፈኑ ነው። ኪራዩ፣ የእማዬ ሐኪም፣ ሁሉም።”

“ቤቱን የያዘው ዘፈኑ ከሆነ፣” አለች፣ “ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኛ።”

ጎረቤት ቤት ውሃ ይወርዳል፤ መኪናው ክፍት በመሆኑ ቲት ቲት እያለ ያስጠነቅቃል። ወንድሟ ከእሷ ፊቱን መለሰና እናቱን ተነሽ አላት። እናቱ ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ አሸት አሸት አደረገችና ልጄ፣ ጉልበቴ እምቢ አለኝ አለችው። ላንሳሽ ብሎ ብብቷ ሥር እጁን ቢያስገባ፣ ተው ተው፣ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ እግሬ ደንዝዟል፣ አሁን ብታነሳኝ እወድቃለሁ አለች። ትንሽ ቆመ፤ ሰዓቱን አየ፤ እናቱን አየ። እናቱ ግድግዳውን ታያለች። እንግዲያው እንዳትነሺ፣ ከስብሰባው በኋላ እመጣለሁ ብሎ ወጣ። የመኪናው ክዳን ተዘጋ፤ ድምፁም ራቀ።

እናቷ ምንም ሳትደገፍ ብድግ አለች። ብርድ ልብሱን ከነኪቦርዱ ከሶፋው አንስታ ጫፉን አስተካክላ፣ ገመዱን ዙሪያውን ጠምጥማ ቋጠረችውና ልጇን አስታቀፈቻት።

“ገመዱ እንዳይጠልፍሽ፣” አለች።

የማህበሩ ጽሕፈት ቤት ከጫማ መደብር በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የበሩ ጠባቂ ዕቃውን አይቶ የማን ነው አላት፤ ለአንዱ ሙዚቀኛ የተሸከመች መስሎት። የኔ ነው አለችው። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ይዛ የምትወጣን ሴት ምን ብሎ እንደሚያስቆማት ስላላወቀ መንገድ ለቀቀላት። አዳራሹ ውስጥ ረዥም ጠረጴዛ አለ፤ አረንጓዴ ጨርቁ አጥሮ የአንደኛው ዳር ስፌት ተተርትሯል፣ እሷ መጀመሪያ ያየችው ይኼንን ነው። ከጠረጴዛው ኋላ የኮሚቴው ሰዎች ተደርድረዋል፤ መሃል ላይ ሰብሳቢው፣ ድሮ ጡሩንባ ነፊ የነበሩ ትከሻ ሰፊ ሽማግሌ፣ አገጫቸውን በመዳፋቸው ደግፈው ያዳምጣሉ። ሻካራው ቆሞ ዝላዩ በሕልሙ እንደመጣለት እያስረዳ ነበር። ለስላሳው ስለ እጮኛው ተናግሮ ጨርሶ ተቀምጧል። በሩ ሲከፈት ሁለቱም ዞሩ፤ ሻካራው ሕልሙን መሃል ላይ አቋረጠው።

“ልጄ፣ ማን ብለን እንያዝ?” አሉ ሰብሳቢው።

“የዜማው ባለቤት።”

ከጠረጴዛው ዳር አንዱ ሳቀ። “የየትኛው?”

“የሁለቱም።”

ሶኬቱ ሩቅ በመሆኑ ሁለት ወንበር አስነስታ ኪቦርዱን ግድግዳው ሥር ወንበር ላይ ዘረጋችው። ብርድ ልብሱን አጥፋ አስቀመጠች። መጀመሪያ የሻካራውን ተጫወተች። ከፍ እያለ ሄዶ ሄዶ እዚያች ቦታ ሲደርስ እንዲሰማ ብላ ሆን ብላ ድዳዋን ቁልፍ ተጫነቻት፤ ጧ አለች፣ እንጨት እንደሚያንኳኳ ጣት። ከዚያ የለስላሳውን ተጫወተች። እዚያው ቦታ ላይ ጧ። ይህቺ ቁልፍ አትሰማም አለቻቸው። ስለማትሰማ እዘላታለሁ፤ ይኼን ያህል ዓመት ስዘላት እጄ ለመደ፣ አሁን ደህና ኪቦርድ ላይም ብቀመጥ እዘላታለሁ፤ ዝላዩ ይኼ ነው። ሰብሳቢው ተነስተው መጡ፤ ጣታቸውን ቁልፏ ላይ አሳረፉ፣ ጧ፤ ደግመው፣ ጧ። ከዚያ ሳይቀመጡ ወደ ለስላሳው ዞሩ።

“ይሄ ኪቦርድ የት ነው የሚኖረው?”

“ቤታችን።”

“ማን ይጫወትበታል?”

ለስላሳው መታሸጊያው ያልወጣለትን እጅጌውን አየ። ከታች ከጫማ መደብሩ ሰው ሲከራከር ይሰማል።

“እሷ፣” አለ።

ሻካራው ይኸው አላልኳችሁም ብሎ ሊነሳ ሲል አንተም እዚያው ሶፋ ላይ ተቀምጠህ ነው የተማርከው አለችው፤ ተቀመጠ። ከኮሚቴው አንድ ከረጢት የመሰለች ከረባት ያሰረ ሰው ጉሮሮውን ጠርጎ ይኼ እንግዲህ የቤተሰብ ጉዳይ ይመስለኛል፣ ለሁሉም ክብር ሲባል ቤት ውስጥ ቢያልቅ አይሻልም ወይ አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወንድሟም ነቀነቀ።

“ቤት ውስጥማ ብርድ ልብስ አልብሰውታል፣” አለች።

ሰብሳቢው እንዳይስቁ ከንፈራቸውን ነከሱ። ታዲያ ከሁለቱ ሰረቀኝ የምትይው ማንን ነው ብለው ጠየቋት። እሷም ዜማውን አልሰረቁኝም፣ እኔው በእጄ ሰጥቻቸዋለሁ አለች። ለወንድሜ ወንድሜ ስለሆነ፣ ለዚህኛው ስለለመነኝ። ሁለቱ እርስ በርስ የሚካሰሱበት ነገር የለም። “የወሰዱት ስሜን ነው። የመጣሁት እሱን ላስመልስ ነው።”

ኮሚቴው ጎን ለጎን ተንሾካሾከ። የሻካራው ክስ እንደማይቀጥል፣ ሁለቱም ዜማዎች በማህበሩ መዝገብ በእሷ ስም እንዲያዙ፣ የሚቃወም ካለ በአንድ ወር ውስጥ ማስረጃ ይዞ እንዲቀርብ ሰብሳቢው ተናገሩ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አነሳች። መጋረጃ ሰፊዋ ስሟን ከነአባቷና ከነአያቷ ነገረቻት፤ ስትጽፍም ጎንበስ ብላ፣ ፊደል በፊደል፣ ቅጠል ከቅጠል እንደምታገጣጥም አድርጋ ተከታተለቻት።

ደረጃው ላይ ከኮሚቴው ሰዎች አንዱ ይኼን ቁልፍ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ አላት። አይነካ አለችው። ወንድሟ ታች መኪናውን አስነስቶ የጎን በሩን ከፍቶላት ይጠብቃል፤ ወደ እሷ አያይም፣ ፊት ለፊት መስታወቱን ነው የሚያየው። እናታቸው የምትጠብቅበትን ቤት፣ የሚበሉትን ራት፣ የሚቀጥለውን ዝምታ ሁሉ አሰበችው። ጎንበስ ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችለትና፣ እማዬ ጉልበቷን ስላመማት ዳቦ ይዘህላት ግባ አለችው። ወደ ሚኒባስ ማቆሚያው ተሻገረች።

የጠዋቱ ረዳት ነበር። ኪቦርዱን ጭኗ ላይ ስታጋድም የጎረቤቷንም መቀመጫ ስለያዘ የሁለት ሰው ትከፍያለሽ አላት። ሳትከራከር ከፈለች። ሬዲዮኑ የለስላሳውን ዘፈን ለቀቀ፤ ረዳቱ በሩን እየጎተተ ድምፅ ማሰጠቱን ቀጠለ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገችና ጣቶቿን አሳረፈች። ኤሌክትሪክ የለም፤ ቁልፎቹ ሁሉ ሲነኩ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ነው የሚሉት፣ ድዳዋም ከእነሱ አንዷ ናት፣ የትኛዋ እንደሆነች በጆሮ የሚለይ የለም። በሌላው ጎኗ የተቀመጠው ሽማግሌ ጣቶቿን አየ፣ ሬዲዮኑን አየ። ዘፈኑ ዝላዩ ላይ ሊደርስ ሲል ጣቶቿ ቀድመውት ተሻግረው፣ ወዲያ ማዶ ቆመው ይጠብቁታል።

“እህቴ፣” አላት ረዳቱ፣ “አሁንስ ለማን ትሰጫለሽ?”

“አልሰጥም፣” አለች። “የኔ ነው።”